የድስቱን ዘይት ለሞተሩ

ሰው ችግር በገጠመው ጊዜ ሁለት ዓይነት ብልሃት ይፈልጋል። አንደኛው ችግሩን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥልበት ብልሃት ነው፤ ሁለተኛው ችግሩን ከራሱ ትከሻ አውርዶ በጎረቤቱ ትከሻ ላይ የሚጭንበት ነው። ሁለቱም ለጊዜው ስለሚያሳርፉ ብዙ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ያስባል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሥራ ይባላል፤ የሁለተኛው እውነተኛ ስም ቅሚያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለዚሁ ልዩነት ነው። ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝም በናፍጣ ፈንታ የዕፀዋት ዘይት በመኪና ስለ መጨመር የሚወራው ወሬና በገዛ ቤተ ዘመዴ የደረሰው ነገር ነው።

የምኖረው በሐይቅ ከተማ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በደጃችን ስለሚያልፍ የናፍጣ ነገር ከማናችንም ቤት የራቀ አይደለም። ናፍጣ ሲጠፋ ጭነት መኪናዎች በመንገዱ ዳር ይደረደራሉ፤ የማሽላውና የጤፉ ዋጋ ይወጣል፤ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ይቆምና ሴቶች እህላቸውን እንደ ተሸከሙ ይመለሳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለው ችግር በበረታበት ወራት የአይሱዙ ጭነት መኪና የሚነዳ የእኅቴ ልጅ ወደ ቤቴ መጣ። ፊቱ እንደ በዓል ቀን በርቶ ነበር።

«አጎቴ፣ መላ አገኘሁለት» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ለናፍጣው ነዋ። የምግብ ዘይት ይነዳል። በውጭ አገር በዚሁ ነው አሉ የሚነዱት። ከተረፈችኝ ናፍጣ ጋር ቀላቅሎ ሰልባትዮው ውስጥ መገልበጥ ብቻ ነው። ዘይቱን የሚሰጠኝ ሰው አለ፤ የጐደለኝ ገንዘብ ነው።»

ገንዘቡን አበደርሁት። ዘይቱን ከየት እንደሚያመጣው ግን አልጠየቅሁትም። ይህን አለመጠየቄን አንባቢ ያስተውልልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እሱ ነውና።

ልጁ ዘይቱን ጨመረ፤ መኪናውም ተነሣ። በሐይቅ ሙቀት ሄደ፤ ደሴም ገባና አደረ። በማግሥቱ ጧት በደሴ ብርድ ሞተሩን ቢያስነሣ አልነሣ አለው። መካኒክ ተጠርቶ ፊልትሮውን ቢፈታ በውስጡ ሞራ የመሰለ ነጭ ነገር ረግቶ ተገኘ። የገዛው እያንዳንዷ እመቤት የምታውቀውን፣ ብርድ ሲነካው የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነበር። መካኒኩም ፊልትሮውን በእጁ እንደ ያዘ «ይህ መኪና ነው ወይስ መጥበሻ?» አለው ይባላል። ፖምፓውና ኖዝሉ ተበላሽተው ነበርና ጥገናው የብዙ ወር ገቢውን በላ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኅቴ ልጅ ግን የሚለቅመው እንኳ አልተረፈውም።

በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ተሳስቆ መርሳት ይቻል ነበር። በኋላ የሰማሁት ነው ያላስተኛኝ። ያ ዘይት ለየቤተሰቡ በድጎማ ዋጋ እንዲታደል ለአንድ የሸማቾች ማኅበር የተሰጠ ኖሮአል። ልጁን ባስጨንቀው «ሳይወስዱ የቀሩ ሰዎች ድርሻ ነው አሉኝ» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ግን በዚያው ሳምንት አራት ልጆች የምታሳድግ ባል የሞተባት ጎረቤቴ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ሦስት ጊዜ ሄዳ፣ ሦስት ጊዜም «አልቋል» ተብላ ስትመለስ በደጃፌ አይቻታለሁ። ሳይወስዱ የቀሩት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። የእሷ ዘይት በደሴ ጋራዥ ወለል ላይ ፈሶ፣ ወጥ ሳይሠራ መኪናም ሳይነዳ ቀረ። ለዚህም ሥራ ገንዘብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳነብና ሳጠይቅ ቆየሁ። የእኅቴ ልጅ ከመሠረቱ አልተሳሳተም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ስትሠራ ታይታለች። የሞተሩ ፈልሳፊ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በኋላ እንደ ተናገረው፣ ሐሳቡ የመጣው ከፈረንሳይ መንግሥት ነበር፤ ይኸውም በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ለውዝ በብዛት ይበቅል ስለ ነበረ ነው። በ1937 ደግሞ ሻቫን የተባለ የቤልጅግ ሊቅ ከኮንጎ የሚመጣውን የፓልም ዘይት ለሞተር የሚስማማ አድርጎ የሚለውጥበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ በማግሥቱ ዓመት በብራስልና በሉቨን ከተሞች መካከል በዚሁ ዘይት አውቶቡስ ተነዳ። እንግዲህ ልብ እንበል። የዕፀዋት ዘይት ወደ ሞተር የሚገባበት ሐሳብ ገና ሲፀነስ ጀምሮ ሞተሩ የአውሮፓ፣ መሬቱ የአፍሪካ ሆኖ ነው የተፀነሰው።

የማብሰያ ዘይት ያለ ምንም ዝግጅት ሲገባ ሞተሩን የሚጎዳበት ምክንያት ቀላል ነው። ዘይት ከናፍጣ አሥር ጊዜ ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ኖዝሉ እንደ ጉም አድርጎ መርጨት ሲገባው እንደ ጠብታ ያወርደዋል፤ ጠብታውም ተቃጥሎ ሳያልቅ ጥቀርሻ ይሆንና በኖዝሉና በፒስተኑ ቀለበቶች ላይ ይጋገራል። ይህን ለማስቀረት ዘይቱ አስቀድሞ ሜታኖል ከሚባለው አልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ መለወጥ አለበት። ያን ጊዜ ግሊሰሪን የሚባለው ወፍራሙ ክፍል ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ቀጭኑ ፈሳሽ ባዮዲዝል ይባላል። ይህ በዓለም ላይ ብዙ ዓመት የተሠራበት፣ እውነተኛ ጥበብ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ይህ ጸሐፊ ሳይንስን ይቃወማል አይበለኝ። «ይቻላልን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «አዎን፣ ይቻላል» ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በዚያን ቀን ለእኅቴ ልጅ ልጠይቀው ሲገባኝ ያልጠየቅሁትን ነው፤ የማን ድርሻ ነው?

አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ጉልበት አለው። በችግር ጊዜ እርዳታ የሚያድሉ ሰዎች ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ያህል ይመድባሉ። እንግዲህ 100 ሊትር የሚይዝ የጭነት መኪና ሰልባትዮ በምግብ ዘይት ቢሞላ፣ ያ ዘይት ለአንድ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ የሚሆን ጉልበት ነው። ሰው በዘይት ብቻ እንደማይኖር ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ሒሳቡ ሒሳብ ነው። መኪናው ይህን ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠጥቶ እንደገና አፉን ይከፍታል። ሞተር ጾም አያውቅም፤ ጠገብሁ ብሎም አይነሣም።

ይህን የምጽፈው በወሎ ምድር ተቀምጬ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም. በዚህ አገር የሆነውን መተረክ አያስፈልገኝም፤ ከእኛ መካከል ከነዚያ ዓመታት ሰው ያልቀበረ ቤት ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ያየ አገር የሚበላ ነገር ወደ እሳት ሲጣል እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባው ነበር። ያልተንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው፤ ስለዚህም ከሌላው ይልቅ ራሴን እከሳለሁ።

አንዳንዱ ሰው «የአንድ ሾፌር ጀሪካን ዓለምን አያስርብም» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የአንድ ሾፌር አያስርብም። ነገር ግን በትልቁ የሚሠራውንም እንመልከት። ለኢትዮጵያ ድስት የሚመጣው የፓልም ዘይት የሚበቅለው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ነው። ኢንዶኔዥያ ናፍጣዋን ከፓልም ዘይት ጋር እንዲቀላቀል በሕግ አስገድዳለች፤ በ2023 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የድብልቁ ልክ 35 በመቶ ደረሰ፤ በ2025 ወደ 40 በመቶ ከፍ አለ። በዓመት ከ10 ቢሊዮን ሊትር የሚበልጥ የዘይት ነዳጅ በመኪናዎቿ ይቃጠላል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ለራሷ ሕዝብ የማብሰያ ዘይት ዋጋ በናረ ጊዜ ዘይቷ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለሳምንታት ከለከለች። ለሕዝቧ ማሰቧ አያስወቅሳትም። ነገር ግን አስተውሉ፤ ዘይቱ ባነሰ ጊዜ በመጀመሪያ ባዶ የሚቀረው ሰልባትዮው አይደለም፤ የሩቁ ድሃ ድስት ነው። የሐይቅ እመቤት «ዘይት ለምን ተወደደ?» ብላ በባለ ሱቁ ላይ ትቆጣለች፤ ከእሷ ጋር ሆኖ ያን ዘይት የሚሻማ ሞተር ከባሕር ማዶ እንዳለ ማን ይነግራታል?

ሌላው ደግሞ «ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ የዕፀዋት ዘይት ግን ከዚህ ያድነናል» ይላል። ይህ አነጋገር ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን የምግብ ዘይታችንም አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ሰሊጣችንንና ኑጋችንን ወደ ውጭ ሸጠን የሚረጋ ዘይት ገዝተን እናመጣለን። እንግዲህ በምንዛሪ የመጣውን ናፍጣ ለማስቀረት በምንዛሪ የመጣውን ዘይት ማቃጠል፣ የቀኝ ኪስን ለመሙላት የግራ ኪስን መቅደድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተደመጠው ሦስተኛው ክርክር ግን የጃትሮፋ ነገር ነው። ጃትሮፋ የጉሎ ዘመድ ነው፤ ፍሬው መርዝ ስላለበት ሰውም ከብትም አይበላውም። ደጋፊዎቹ «ይህ የማንንም እንጀራ አይነካም፤ በጠፍ መሬት ላይ ይበቅላል» ይሉ ነበር። በ2007 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የወጣው የአገራችን የባዮፊውል ስትራቴጂ ለጃትሮፋ የሚስማማ ከ23 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት አለ ብሎ ነበር፤ ይህም ከአገሪቱ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ለመሆኑ ከኢትዮጵያ አንድ አምስተኛው ባዶውን ተኝቶ ጃትሮፋን ይጠብቅ ነበርን?

ጠፍ መሬት የሚለው ቃል ነው ሰውን ያሳሳተው። ኩባንያው ጠፍ መሬት ሲል ባለቤት የሌለው፣ ሥራ የፈታ መሬት ማለቱ ነው። ገበሬው ግን ያንኑ ቦታ የከብት ግጦሽ፣ የማገዶ መልቀሚያ፣ የንብ ቀፎ መስቀያ፣ የክፉ ቀን ማምለጫ ብሎ ያውቀዋል። አንድ ቃል በሁለት ሰዎች አፍ ሁለት ነገር ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ለአምባሰል ሰው አይነገረውም። ከቤቴ በስተ ሰሜን ብዙ ሳይርቅ በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ቢፈልግ ይችላል»፣ በጣልያንኛው ግን «ግዴታ አለበት» የሚል ትርጉም ነበረበት። ያችን የአንዲት ቃል ልዩነት አገራችን በዐድዋ በደም አስተካከለቻት። እንግዲህ እኛ የውጫሌ ጎረቤቶች «ጠፍ መሬት» የሚል ወረቀት ሲቀርብልን ከፊርማው በፊት «በማን አፍ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የሆነውም ይህን ያሳያል። በሐረርጌ በባቢሌ በኩል ለአንድ የውጭ ኩባንያ ለጉሎ እርሻ ከተሰጠው መሬት ከፊሉ በዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ የገባ ሆኖ ተገኘና ብዙ ሙግት አስነሣ፤ ዕቅዱም የተባለለትን ነዳጅ ሳይሰጥ ቀረ። ሕንድም በ2003 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጃትሮፋን በሚሊዮን በሚቈጠር ሄክታር ተክላ ከናፍጣዋ 20 በመቶውን ለመተካት አቅዳ ነበር፤ ቀነ ቀጠሮው ሲደርስ ግን ከግቡ አጠገብ እንኳ አልተገኘችም። ምክንያቱ አንድ ነው። ጃትሮፋ በድርቅ አይሞትም፤ ነገር ግን አለመሞትና ማፍራት አንድ አይደሉም። በደረቅና በድንጋያማ መሬት በሕይወት ይቈያል እንጂ ብዙ ፍሬ አይሰጥም። ብዙ ፍሬ የተፈለገ እንደ ሆነ ለም መሬት፣ ውሃና ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የጤፉና የማሽላው ድርሻ ናቸው። ስለዚህ ጃትሮፋ ራሱ አይበላም፤ የሚበላውን መሬት ግን ይበላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያልሁት የዕፀዋት ነዳጅ ከነጭራሹ ይቅር ለማለት አይደለም። ክፉውን አሳይቶ ደጉን የማያሳይ ጽሑፍ መንገደኛን ከገደል አፋፍ መልሶ በጨለማ እንደሚተው ሰው ነው። ደጉ መንገድ አለ፤ መሪውም ያው ጥያቄ ነው፤ የማን ድርሻ ነው?

የማንም ድርሻ ያልሆነ ነገር አለ። በየሆቴሉና በየምግብ ቤቱ ደጋግሞ ጠብሶ የጠቈረው ዘይት ለሰው ጤና አይበጅም፤ ወደ ቦይ ሲደፋም ቦዩን ይደፍናል። ይህ ተጠራቅሞና ተጣርቶ፣ በዕውቀት ተለውጦ በደሴና በኮምቦልቻ መኪናዎች ቢነዳ የሚራብ ሰው የለም። ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ሞላሰስም እንደዚሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ፋብሪካ የተገኘው ኤታኖል በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ መደባለቅ የተጀመረው ከሸንኰራው ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከቀረው ነው። ይህ ለቤንዚን እንጂ ለናፍጣ አይሆንም፤ ሥርዐቱ ግን ትክክለኛ ነው፤ ሰው በመጀመሪያ በላ፣ ሞተር ከትራፊው ጠጣ።

ጃትሮፋም ቢሆን በቦታው ሲሆን ደግ ነው። በባቲ በኩል እንደሚታየው በአጥር ዙሪያ ሲተከል ከብት ስለማይበላው ሰብል ይጠብቃል፤ በቦረቦር አፋፍ ሲተከል አፈር ይይዛል። ከአጥሩ ላይ የሚለቀመው ፍሬ ተጨምቆ ለሳሙናና ለኩራዝ፣ ቢበዛም በመንደሩ ላለ አንድ ወፍጮ ይሆናል፤ ጭማቂው የቀረው ገለባ ለከብት መርዝ ቢሆንም ለማሳ ማዳበሪያ ነው። አንድ ሊትር ዘይት 4 ኪሎ ያህል ፍሬ ስለሚፈልግ፣ አንድ የጭነት መኪና ሰልባትዮ 4 ኩንታል በእጅ የተለቀመ ፍሬ ይጠጣል። ስለዚህ አጥሩ መንደሩን ያገለግላል እንጂ የአገሩን ጭነት አይጎትትም። ለዚያ ሥራ የውሃ ኀይላችን አለልን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ፊቱን ወደዚያ ማዞሩን ያሳያል። ጭነት መኪናው እስኪከተል ድረስ ግን ናፍጣ ያስፈልጋል፤ ያለውንም በቍጠባና በሐቅ ማከፋፈል የሁላችን ግዴታ ነው። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ይህ ነው።

ለጎረቤቴ የሆነውን ሁሉ ከነገርኋት በኋላ ከቤቴ ዘይት ወስጄ ሰጠኋት። ገንዘቡን ያበደርሁት እኔ እንደ ሆንሁም አልደበቅኋትም። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጀሪካኑን ተቀብላ ጥቂት ዝም አለችና «ከእንግዲህ ወዲያ ይጠይቁ» ብቻ አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት እኔ የለኝም። አዲስ ነዳጅ፣ አዲስ እርሻ፣ አዲስ ብልሃት ይዞ የሚመጣ ሰው በገጠመህ ጊዜ፣ ፊቱ የቱንም ያህል ቢበራ፣ ገንዘብህንም መሬትህንም ፊርማህንም ከመስጠትህ በፊት «የማን ድርሻ ነው?» ብለህ ጠይቀው። «የማንም አይደለም» ካለህ ሂድና በዐይንህ እይ። ምናልባት ባዶ ጀሪካን የያዘች አንዲት ሴት በዚያ ቆማ ታገኝ ይሆናል።